«ኔትወርክ የለም» ከመባሉ በፊት ገመዱ ይታይ





ጉዳይ ኖሮት ወደ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አልቀረም። ነገሩ እንደ በረዶ ከሰማይ የወረደ ይመስል ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ጸሐፊው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ባለጉዳዩም ነገ ተመለስ ይባላል። ከገጠር ተሳፍሮ የመጣው ሽማግሌ ግን የዛሬን ሌሊት የሚያድርበት ቤት የለውም።

እኔ አስተማሪ እንጂ የኮምፒውተር መሐንዲስ አይደለሁም። ይሁን እንጂ አምስት ኮምፒውተርና አንድ ማተሚያ ባለበት ትንሽ ቢሮ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛ ሥር እንደሚገኝ በሥራ አይቻለሁ። ወንበር የረገጠው፣ በር የቀረጠፈው ወይም አይጥ የቀመሰው ገመድ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተቋረጠው አንዱ ነው ወይስ ሁሉም? ብሎ መጠየቅ ይገባል። አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያን ኮምፒውተር ገመድ ማየት ነው። ሁሉም ከሆነ ገመዶቹ የሚገናኙበትን ሣጥን፣ ማለት ስዊቹን፣ መብራት ማግኘቱን መመልከት ነው። ማተሚያው እያተመ ኢንተርኔቱ ብቻ የጠፋ እንደ ሆነ ግን ችግሩ ከውጭ በሚመጣው መስመር በኩል ስለሚሆን ለቴሌ መደወል የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

በመሰኪያው አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት ካልበራች በደኅናነቱ በታወቀ ገመድ መለወጥ፤ ያም ካልሆነ በስዊቹ ላይ ወደ ሌላ ቀዳዳ ማዛወር ነው። ይህም አንድ በአንድ ይሁን። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሚነቅል ሰው ቢሳካለት እንኳ ያዳነው የትኛው እንደ ሆነ አያውቅም፤ ተማሪዎቼን በቤተ ሙከራ ዕለት ዕለት የምቆጣቸውም በዚሁ ነው።

መብራቷ በርታ ሳለ ሥራው የሚጎተትበት ጊዜም አለ። በገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች በ4 ጥንድ ተገምደው ይገኛሉ። ለ100 ሜጋቢት ፍጥነት 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 6ኛው ብቻ ይበቃሉ፤ ለ1000 ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ። ስለዚህ ከቀሩት አንዷ ብትበጠስ ገመዱ የሚሠራ እየመሰለ ፍጥነቱ ሊወርድ ይችላል። ደግሞም 3ኛው ጥንድ መሆን ያለበት ከ6ኛው ጋር ነው። ቀለም በቀለም ተራ ደርድሮ 3ኛውን ከ4ኛው ጋር ያጣመደ ሠራተኛ የሠራው ገመድ በአጭሩ ይሠራል፤ ረዘም ሲል ይሰናከላል። በትክክል የተሠራውም ቢሆን ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አስሮ መዘርጋትም ደግ አይደለም።

ሀብ የሚባለው አሮጌ ሣጥን ከዕቃ ግምጃ ቤት ወጥቶ ሲሠራበት አያለሁ። ቢቀር ይሻላል። እርሱ ካንዱ የሰማውን ለሁሉ የሚያስተጋባ ነው፤ ሁለት ኮምፒውተሮች ባንድ ጊዜ ቢናገሩ መልእክታቸው ይጋጫል፣ እንደገናም መላክ ግድ ይሆናል። ስዊች ግን አድራሻውን ለይቶ ለባለቤቱ ብቻ ያደርሳል።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ቢሮ ያጸዳ ሰው የተንጠለጠለውን የገመድ ጫፍ ለማማር ብሎ ሌላው ጫፍ ወዳለበት ወደዚያው ስዊች ይሰካዋል። በተራው ስዊች መልእክቱ ያለ ማቋረጥ ሲዞር መብራቶቹ ሁሉ ይርገበገባሉ፣ ቢሮውም ይቆማል። መድኃኒቱ ያንን ገመድ መንቀል ብቻ ነው! በእንዲህ ያለ ምክንያት ደኅና ኮምፒውተር «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲወገድ፣ ለአዲስም ግዥ ሲጠየቅ ያየሁበት መሥሪያ ቤት አለ።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችን የምለምነው ብዙ አይደለም። በየገመዱ ሁለት ጫፍ ቍጥር ይለጠፍ፤ አንድ የተፈተነ ገመድ በመሳቢያ ይቀመጥ፤ ከጸሐፊዎቹም አንዱ ይህን ይማር። «ኔትወርክ የለም» የሚል ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍም ገመዱን የተመለከተው ሰው ስምና ሰዓቱ ይጻፍበት።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር