ያን ቀን የት ነበርሽ?

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአርባ ምንጭ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለለመነችን አላወጣነውም። ረዘም ያለውን አሳጥረነዋል እንጂ ቃሏን አልነካንም።

«ለጤናችሁ እንደምን ናችሁ? እኔ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ሲቀላ ነው የምኖረው፤ አንድ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ እይዛለሁ። የምወደው ልጅ አለኝ፤ ከተዋወቅን ዓመት አልፎናል። እሱ የጎፋ ልጅ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ተራራው ሲናድ አጎቱና ሁለት የአጎቱ ልጆች ከሥር ቀርተዋል። ገና እንደተቀራረብን አንድ ማታ ‹ያን ቀን የት ነበርሽ?› ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን የጓደኛዬ ልደት ነበር። ሴቻ ላይ፣ አባያን ቁልቁል እያየን፣ አሳ ኮተሌት እየበላን፣ ሙዚቃ ተከፍቶ ስንስቅ ስንጨፍር ነው የዋልነው። ይሄን እንዴት ልንገረው? አፌ ቀደመኝና ‹አሞኝ ቤት ተኝቼ ነበር፣ ዜናውን ስሰማ አለቀስኩ› አልኩት። እጄን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስቴ አንሥቶብኛል፤ እኔም ውሸቴን እያሳመርኩ እደግምለታለሁ። አሁን ቤተሰቦቼ ጋ ሽማግሌ ሊልክ ነው። የልደቱ ፎቶ ደሞ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ጓደኛዬ ስልክ ላይ አለ። እሷ ‹አጠፋዋለሁ፣ አርፈሽ ተቀመጪ› ትለኛለች። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያን ቀን መሳቄ ኃጢአት ነው? ልንገረው ወይስ ልተወው?»

ግራ የገባኝ፣ ከሲቀላ

እህቴ ግራ የገባሽ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንዱ ሳቁ ነው፣ ሌላው ውሸቱ። እስቲ በመጀመሪያ እንለያያቸው።

ሳቁን እናንሣ። ያ ቀን ሰኞ ነበር። በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነሰዎቹ ዋጠ። ጎረቤት «ኡ!» ብሎ ተሯሯጠ። የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሰው ሊያወጡ ወጡ። በአካፋና በእጃቸው እየቆፈሩ ሳለ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደባቸው። ካለቁት አብዛኞቹ ለነፍስ አድን የሮጡት እንደነበሩ ተነግሯል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ በዚያው ሳምንት ያወጣው የሟቾች ቁጥር 257 ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ከሐምሌ 20 ጀምሮ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ታዲያ አንቺ ሴቻ ላይ አሳ ስትበዪ ይሄን ታውቂ ነበር? አታውቂም! እኛም አዲስ አበባ ያለነው አናውቅም ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም፣ እሑድ ጠዋት፣ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ከቦሌ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው ሲያልቅ፣ ከተማው ገሚሱ ቤተ ክርስቲያን፣ ገሚሱ ቡና ላይ፣ ገሚሱም አልጋው ውስጥ ነበር። የተኛው ሰው ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

የኛን የመርዶ ወግ አስቢው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትበት ዘመድ ጎረቤት ቀድሞ ይሰማና ይመካከራል። «ዛሬ ማታ አይነገረው፣ እህል ይቅመስ፣ ሌሊቱን ይተኛ» ይባላል። ማለዳ ተሰብስበው ሄደው ይነግሩታል። ያ ሰው በዋዜማው እራቱን በልቷል፣ ከልጆቹ ጋር ተጫውቷል፣ ስቋል። የሞተው ወንድሙ ሆኖ ሳለ! እስከ ዛሬ «ወንድምህ ሞቶ እንዴት ትስቃለህ?» ብሎ የተቆጣው ሽማግሌ አለ? የለም። እንዲያውም እንዲስቅ የፈቀዱለት እነሱ ናቸው። በሞትና በመርዶ መካከል ያለው ሰዓት በኛ ባህል አያስወቅስም። የገዛ ወንድሙ የሞተበት ካልተወቀሰ፣ አንቺ በምን ሂሳብ?

ወቀሳው የሚመጣው ከሰሙ በኋላ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚቀያየመው «ልቅሶ አልደረሰም» ተብሎ ነው። ደሞ ለዘገየ ሰው እንኳ በሩ አይዘጋበትም። ዓመት ቆይቶ የመጣ ለቀስተኛ «አልሰማሁም ነበር» ብሎ ይገባል፤ ሐዘንተኛውም «ምን ታደርግ» ብሎ ወንበር ይስብለታል። አንቺ ያጣሻት ዓረፍተ ነገር እቺ ናት፦ አልሰማሁም ነበር። ሁለት ቃል ብቻ! እሷን ትተሽ ነው በሽታ የፈጠርሽው።

ወደ ውሸቱ ልምጣ። እዚህ ላይ አልሸነግልሽም። የሰው ሐዘን ፊት ቆመሽ ያላለቀስሽውን ልቅሶ ተርከሻል፤ እሱም አምኖሽ እጅሽን ይዟል። የከበደሽ ይሄ ነው፤ ሊከብድሽም ይገባል። «እያሳመርኩ እደግምለታለሁ» ስትይ ደግሞ የባሰ ሰጋሁልሽ።

ለምን በዪኝ። በጥር 1978 ዓ.ም «ቻሌንጀር» የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ሰማይ ላይ ተበታትና ሰባት ሰዎች ሲሞቱ፣ ኡልሪክ ናይሰር የሚባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በማግስቱ የኤመሪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን «ዜናውን ስትሰሙ የት ነበራችሁ?» ብለው በጽሑፍ አስመለሷቸው። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይተው 44ቱን እንደገና ጠየቁ። ሩብ ያህሉ በሁለተኛው ጊዜ የተናገሩት ከመጀመሪያው ጋር በምንም አልገጠመም። ግን እርግጠኞች ነበሩ! የገዛ የእጅ ጽሑፋቸው ሲቀርብላቸው እንኳ የጥንቱ ትዝታ አልመለስ አላቸው። ትዝታ ፎቶ አይደለም ማለት ነው፤ በተናገርነው ቁጥር ቅርጹን ይለዋውጣል። እውነቱን የሚናገር ሰው እንዲህ ከሆነ፣ ውሸቱን የሚደጋግም ሰውማ አንድ ቀን የራሱን ሕይወት ከራሱ ይሰርቃል።

ጓደኛሽ «ፎቶውን አጠፋዋለሁ» ማለቷ ደግሞ ነገሩን አይፈታውም። ፎቶው ቢጠፋ እንቅልፍሽ ይመለሳል? ውሸቷ ትዳራችሁ ውስጥ ሦስተኛ ሰው ሆና አብራችሁ ልትኖር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ሲጠራ ደግሞ ከጓደኛሽ ስልክ ላይ ሳይሆን ከአንቺ አፍ ቢሆን ይሻላል።

አሁን ደብዳቤሽ ውስጥ የሌለውን ነገር ልጠይቅሽ። እሱ ያን ቀን የት ነበር? ሦስት ጊዜ ጠይቆሽ አንድም ጊዜ «አንተስ?» ያልሽው አይመስልም። ሐዘን ያለበት ሰው «የት ነበርሽ?» ሲል ብዙ ጊዜ ሊከስሽ አይደለም። ራሱን ነው የሚጠይቀው። ማን ያውቃል፣ እሱም ያን ጠዋት ስልኩ እስኪጠራ ድረስ ከባልደረቦቹ ጋር ማኪያቶ እየጠጣ ሲስቅ ነበር ይሆናል። «አጎቴ ጭቃ ውስጥ ሳለ እኔ እስቅ ነበር» የሚለው ነገር ሆዱን ሲበላው ኖሮ ሊሆን ይችላል። አንቺ «አለቀስኩ» ስትዪው ምን ይሰማዋል? «ይቺ ባዳዋ ስታለቅስ እኔ…» ብሎ አፉን ይዘጋል። እውነቱን ብትነግሪው ግን እሱም የሚተነፍስበት ቀዳዳ ያገኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከገዛ ከተማሽ ልጨምር። መስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት የጋሞ ተወላጆችን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ተገደሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ በቁጣ ገንፍሎ ወጣ። የጋሞ አባቶች ርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በወጉ መሠረት ሳር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ የሚሄድ የለም፤ ወጣቱም ተመለሰ። እነዚያን አባቶች ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት የት እንደነበሩ የሚጠይቃቸው የለም። ማሳቸው ላይ ይሁኑ ገበያ፣ ማን ግድ አለው? አገር የሚያስታውሳቸው ከሰሙ በኋላ የት እንደተገኙ ነው። መንገዱ ላይ፣ በጉልበታቸው!

እንግዲህ ምክሬ ይሄ ነው። አንደኛ፣ ሽማግሌው ከመላኩ በፊት ንገሪው፤ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ረጋ ባለ ቦታ። ሁለተኛ፣ በሳቁ አትጀምሪ፤ «ዋሽቼሃለሁ» በዪና በውሸቱ ጀምሪ። ይቅርታ የምትጠይቂውም ስለ ልደቱ ሳይሆን ስለ ውሸቱ ነው። ሦስተኛ፣ ነግረሽው ስታበቂ «አንተስ የት ነበርክ?» በዪና ዝም ብለሽ ስሚ። ቢቆጣ ቁጣውን ቻዪው፣ መብቱ ነው። አራተኛ፣ ልቅሶው ላይ አልደረስሽምና ድረሺ። ጎፋ እኮ ባዕድ አገር አይደለም፤ እስከ ቅርብ ዓመታት ጋሞ ጎፋ ተብሎ አንድ ዞን ነበር፣ ዋና ከተማውም አርባ ምንጭ። የአጎቱ ቤተሰብ ጋ ይዞሽ ይሂድ። ገብተሽ «አልሰማሁም ነበር፣ እግዜር ያጽናችሁ» በዪ።

እናንተም ወጣት አንባቢዎቼ፣ እንዲህ ያለ ክፉ ቀን አይምጣብን እንጂ ከመጣ፣ ማታውኑ ደብተር አውጡና የት እንደነበራችሁ እንዳለ ጻፉት፤ ሳቅም ከሆነ ሳቅ። ከዚያ በማግስቱ ማን ጋ ልቅሶ መድረስ እንዳለባችሁ አስቡ።

ግራ የገባሽ እህቴ፣ የሆነውን ጽፈሽ አሳውቂን። ቸር እንሰንብት!