ከጥሩንባው በፊት ያለችው ሳምንት

ቁሐር ሚካኤል ላይ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ይነፋል። ሩዝ አጨዳ ላይ ያለው የፎገራ ገበሬ ማጭዱን ጥሎ ይመጣል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል። ሟቹ ዕድሜ ልኩን «እብዱ» ሲባል የኖረ ቢሆንም ቀብሩ አይቀርበትም። በዚህ እንኮራለን።

ጥያቄያችን ከጥሩንባው በፊት ስላለችው ሳምንት ነው። ያን ጊዜ አጠገቡ ማን ነበር?

አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም እህት ብቻ። ሌላው «ያው አመሉ ነው» ብሎ ያልፋል። ሲያቃስት አመሉ፣ እህል እንቢ ሲል አመሉ፣ ሌሊት ሲጮህ አመሉ። ሳንባ ምች ይዞት ወይም ካንሰር ውስጡን እየበላው ቢሆንስ? የአእምሮ ሕመምተኛ ሌላ ሕመም አይዘውም ያለን ማን ነው?

ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 121ዱ ሞተዋል፤ ያውም ወደ 30 ዓመት ያህል ያለ ዕድሜያቸው። ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። «አመሉ ነው» ሲባል ስንቱ መታከም የሚችል ሕመም ሳይታይ ቀርቶ ይሆን?

የማይድነውስ? አዲስ አበባ ላይ በሞት አፋፍ ያሉትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያስታምም ሆስፒስ ኢትዮጵያ አለ፤ የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና የሚያነሳ መቄዶንያ አለ። የወረታ እናት ግን እዚያ አትደርስም። ያላት ጎረቤት ነው።

እኛም የምንጠይቀው ጎረቤት የሚችለውን ነው። አንደኛ፣ «አመመኝ» ሲል እንመነው፤ ጤና ጣቢያ ወስደን ማስታገሻ እንጠይቅለት። «ሊሞት አይደል» ብለንም የአእምሮ መድኃኒቱን በገዛ እጃችን አናቋርጥበት። ሁለተኛ፣ ረጋ ባለበት ሰዓት ምኞቱን እንጠይቀው፦ ማን አጠገቡ ይሁን? የንስሐ አባቱ ይጠሩለት? «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው» ይላል ተረታችን። ይሁን! ለዚህ ጥያቄ ግማሽ ቀን ይበቃል። ሦስተኛ፣ እናቲቱ አንድ ሌሊት እንድትተኛ ተራ ገብተን እናስታምለት።

«እድር እኮ የተቋቋመው ለቀብር ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ደንቡን ያወጣነው ግን እኛው ነን፤ አንድ አንቀጽ ብንጨምርበት ማን ይከለክለናል? ለሬሳው ሥራ የሚፈታ መንደር፣ በሕይወት ላለው ሰው አንድ ሌሊት አያጣም።