ሞተሪኖ ሲታማ ዲናሞን ጠይቁ

ለእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

የእርሻ ወቅት ደርሶ አንድ አሮጌ ትራክተር በማለዳ አልነሳ ሲል በማኅበሩ ግቢ የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሞተሪኖው ተበላሽቷል፤ ይቀየር» ይባላል። ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ያለው እርሱ በመሆኑ ፍርዱ እውነት ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ ከምርመራ በፊት የተሰጠ ፍርድ ነው። የአባላት ገንዘብ በከንቱ ከሚባክንባቸው መንገዶችም አንዱ ይኸው ነው።

በአንድ ስንዴ አምራች ማኅበር የተመለከትሁት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ማኅበሩ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሞተሪኖ ገዛ። ትራክተሩ አዲስ ሞተሪኖ በገባለት ቁጥር ጥቂት ቀናት እየሠራ ተመልሶ ይቆማል። በመጨረሻ አንድ ረዳት መካኒክ የዲናሞውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ቢጫነው ሰመጠ። ቺንጋው ዘይት ጠጥቶና ተለጥጦ ዲናሞውን በሚገባ አያዞረውም ነበር። ችግሩ በአንድ ቺንጋ ተፈታ፤ የአባላቱ የእርሻ ተራ ግን አስቀድሞ አልፎ ነበር።

ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። ሞተሪኖ ከባትሪ ያበደረውን ኃይል ዲናሞ ይመልሳል። ዲናሞው ካልመለሰ ባትሪው በየቀኑ እየደከመ ሄዶ፣ አንድ ቀን ማለዳ የሞተሪኖው አቅም ያጣል። በዚያን ጊዜ የሚታማው ተበዳሪው እንጂ ያልመለሰው አይደለም። «መብራቱ ይበራልና ባትሪው ደህና ነው» ማለትም ስሕተት ነው። መብራት ጥቂት አምፔር ሲፈልግ ሞተሪኖ ብዙ መቶ አምፔር ይስባል። ለመብራት የሚበቃ የዛገ ማሰሪያ ለሞተሪኖ አይበቃም።

ይህ ዝምድና ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በተሠሩት ትናንሽ የጓሮ ትራክተሮች ላይ ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ባወጣው ኩብ ካዴት ላይ ሞተሪኖውና ዲናሞው በአንድ አካል ተሠርተው በአንድ ቺንጋ ከሞተሩ ጋር ይያያዙ ነበር። ያው ማሽን ሞተሩን ያስነሣል፤ ከተነሣ በኋላም ባትሪውን ይሞላል። ማሽኑ ሞተሩን በኃይል እያዞረ ባትሪውን የማይሞላ ከሆነ፣ ለመጣል ከመቸኮል በፊት ሬጉሌተሩንና ሽቦዎቹን መመርመር ይገባል። ምርት በ1964 (እ.ኤ.አ.) እንደ ተጀመረው ማሴ ፈርጉሰን 135 ባሉ ትራክተሮች ላይ ሁለቱ የተለያዩ ቢሆኑም፣ አንዱ ያለ ሌላው አይመረመርም።

ስለዚህ በ12 ቮልት ትራክተር ላይ ማናቸውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት የሚከተሉት በተራ ይፈጸሙ።

1ኛ/ ትራክተሩ ካደረ በኋላ የባትሪው ቮልት ይለካ። የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከሆነ ባትሪው ይሞላ፤ ከዚያ በፊት በሞተሪኖ ላይ አይፈረድ።

2ኛ/ የባትሪው ራሶችና ገመዱ ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰርበት ቦታ ተፈትተው ይጽዱ፤ ቡሎኖቹም ይጥበቁ።

3ኛ/ ቁልፉ ተይዞ ሳለ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ቡሎን ያለው የቮልት ልዩነት ይለካ። በሌላው ራስና በሞተሪኖው አካል መካከልም እንዲሁ ይደረግ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ የገመድ ወይም የማሰሪያ ነው። የባትሪው ቮልት ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ባትሪው ደክሟል፣ አለዚያም ሞተሪኖው ከመጠን በላይ ይስባል። ደህና በሆነ ሌላ ባትሪ ተሞክሮ ይለይ።

4ኛ/ ሞተሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር የባትሪው ቮልት ወደ 14 ገደማ መውጣት አለበት። ካልወጣ ሞተሩ ጠፍቶ ቺንጋው ይታይ።

ቺንጋው ደህና ሆኖ በሉካስ ዲናሞ ላይ ቮልቱ ካልወጣ «ዲ» እና «ኤፍ» የተባሉት ገመዶች ይነቀሉ። የዲናሞው ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ተያይዘው ቮልት መለኪያው በእነርሱና በዲናሞው አካል መካከል ይግባ። ሞተሩ ከዝቅተኛ ፍጥነት ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ቮልቱ በፍጥነት ይወጣል፤ ከ20 እንዲያልፍ ግን አይፈቀድ። በሚገባ ከወጣ ዲናሞው ደህና ነው፤ ሬጉሌተሩና ሽቦው ይመርመሩ። ምንም ካላሳየ ካርቦኖቹ ይታዩ። ይህ ፈተና በአልተርኔተር ላይ ፈጽሞ አይደረግም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዲናሞው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ይቀየር። ሲቀየር በመጀመሪያ ባትሪው ይፈታ፤ የገመዶቹም ቦታ ምልክት ይደረግበት። አዲስ ዲናሞ ከገባ በኋላ ገመዶቹ ከመታሰራቸው በፊት፣ ከአካሉ ጋር ካልታሰረው የባትሪ ራስ በመጣ ሽቦ የሉካሱ «ኤፍ» ጫፍ ለቅጽበት ብቻ ይነካ። ይህ ዲናሞው በትክክለኛው ዋልታ እንዲያመነጭ ያደርገዋል። ይህ ሳይደረግ ቀርቶ «አዲሱም አይሠራም» ተብሎ የሚመለስ ደህና ዲናሞ አለ።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጉዳይ አለ። ሞተሪኖ እምቢ ሲል አንዳንድ ነጂዎች መሬት ላይ ቆመው ሁለቱን ቡሎኖች በካቻቢቴ ያገናኛሉ። ይህ ትራክተሩ በማርሽ ላይ ሳለ እንዳይነሣ የተሠራውን መከላከያ ያልፋል። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ትራክተሩ ተነሥቶ በጎማው ፊት የቆመውን ሰው ይደፈጥጣል። ትራክተርን ተዳፋት ላይ አሳድሮ በቁልቁለት ማስነሣትም ሌላው አደጋ ነው፤ ፍሬን ከለቀቀ የሚያቆመው የለም። እነዚህ ልማዶች እንደ ብልሃት ሊመሰገኑ አይገባም።

«ዝናብ አይጠብቅምና ለምርመራ ጊዜ የለንም» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ አራት ምርመራዎች ከአንድ ሰዓት እምብዛም አያልፉም። መለዋወጫ ፍለጋ ከተማ ወርዶ መመለስ ግን ቀናት ይወስዳል፤ የተገዛውም ዕቃ የተሳሳተ ከሆነ ቀናቱ እጥፍ ይሆናሉ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር ከመለዋወጫ በፊት አንድ ቮልት መለኪያ ይግዛ። የግዢ ጥያቄ ሲቀርብ አራቱ የምርመራ ውጤቶች በመዝገብ ካልሰፈሩ ሊቀ መንበሩም ሆነ ገንዘብ ያዡ አይፈርሙ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛውም ግቢውን ሲጎበኝ ይህን መዝገብ ይመልከት። እንዲህ ከሆነ ማኅበሩ የሚገዛው ዕቃ በእርግጥ የተበላሸውን ብቻ ይሆናል፤ ትራክተሩም የአባላቱ ተራ ሳያልፍ ማሳ ላይ ይገኛል።