የ1954ቱ ዋንጫና የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ

ስለ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ወሬ በተነሣ ቁጥር ማደሪያችን ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «የአፍሪካን ኳስ የመሠረትን እኛ፣ ዋንጫ የበላን እኛ» እያለ ይፎክራል። ሌላው «ተዉት እባካችሁ፣ ኳስ ለእኛ አልተፈጠረም» ብሎ ይስቃል። እኛ ደግሞ ሁለቱም ተሳስተዋል እንላለን። ምክንያታችን እነሆ።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንይ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. ሲቋቋም መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ ነበሩ። በዚያው ዓመት ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላሰልፍም ስላለች ከውድድሩ ወጣች። በዚህም ቡድናችን ሳይጫወት ለፍጻሜ ደረሰና በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም ያው ነው፤ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ።

ታዲያ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ለፍጻሜ የቀረቡት እነዚሁ ግብፅና ኢትዮጵያ ናቸው። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ግብፅ ቀድማ አገባች፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ግብፅ ወዲያው ደገመች፤ ሉቻኖ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበትና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። «የተሳተፉት እኮ አራት አገሮች ብቻ ናቸው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ነገር ግን የተሸነፈችው ግብፅ ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደች ቡድን ነበረች።

ከዚያ ወዲህስ? በ1960 ዓ.ም. እዚሁ አገራችን 4ኛ ሆንን። በ1968 ዓ.ም. እንደገና አዘጋጅተን ከምድባችን ማለፍ አቃተን። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ደርሰን ከተመለስን በኋላ 31 ዓመት ሙሉ ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋን። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ተገኝተን ሁለቱንም ጊዜ ከምድብ ተሰናበትን። በምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ግን 4 ጊዜ አሸንፈናል፤ የመጀመሪያው በ1980 ዓ.ም. ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ! 4 ለ 0 በተሸነፍንበትና 4 ለ 2 ባሸነፍንበት ዓመት መካከል ያለው 3 ዓመት ነው። በ3 ዓመት የሕዝብ ደም አይለወጥም። «አልተፈጠረልንም» የሚለው እዚህ ላይ ይወድቃል። ፎካሪውም አያመልጥም። በተፈጥሮ ያገኘነው ቢሆን ኖሮ 31 ዓመት አይጠፋብንም ነበር። የድሮ ዋንጫ ብቻ እየቆጠሩ መኖር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ኳስ እንደ ፊደል የሚማሩት ነገር ነው።

ትምህርት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ እኛው ይመጣል። ለልምምድ ማስተማር በወጣንባቸው ትምህርት ቤቶች ምን አየን? በሰሌዳው ላይ «ሰውነት ማጎልመሻ» ተብሎ የተጻፈው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ሲሰጥ አየን። ካልተሰጠም አንድ ኳስ ለ60 ልጅ ተወርውሮ መምህሩ ጥላ ሥር ሲቀመጥ አየን። ጉልበተኞቹ ይጫወታሉ፤ የቀሩት ዳር ቆመው ያያሉ። ከቆሙት መካከል ነገ መንግሥቱ ወርቁን የሚሆን እንዳለ ማን ያውቃል?

ኳስ የለም፣ ሜዳ የለም የሚለው ምክንያት እውነትነት አለው፤ ሆኖም አይበቃም። የጨርቅ ኳስ ከልጆቹ ጋር መስፋት ይቻላል። ስድሳውን ልጅ በቡድን ከፋፍሎ በየተራ ማቀበልና ማቆም ማስተማር ብር አይጠይቅም፤ ዝግጅት ነው የሚጠይቀው። ለሒሳብ የትምህርት ዕቅድ የምናወጣ ሰዎች ለኳስ የማናወጣው ለምንድን ነው?

ስለዚህ ጓደኞቻችን፣ በማደሪያ መከራከሩ ይብቃን። ተመርቀን በየወረዳው ስንበተን የሒሳቡ መምህር መጥቶ «የሰውነት ማጎልመሻዋን ክፍለ ጊዜ ስጡኝ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ በትሕትና፣ ግን ጠንከር ብለን «አይሆንም» እንበለው።