ማኅደረ ዜማ በጋራዥ ውስጥ

አባቴ ቮልሱን ከሸጠ ወዲህ የመፍቻና የምስማር፣ የአሮጌ ጎማና የሁለት ካርቶን ካሴት ማከማቻ ሆኖ የቆየው የግቢያችን ጋራዥ ባለፈው ክረምት የዜማ ቤት ሆነ። ይህን የምጽፈው የቤተ ሰቤን ወሬ ለመተረክ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ በየቤቱ የሚሰማው ዘፈን ከባሕር ማዶ ካለ ኩባንያ በወር ክፍያና በኢንተርኔት ፓኬጅ የሚመጣ፣ ክፍያው በተቋረጠ ወይም ኔትወርኩ በጠፋ ሰዓት አብሮ የሚጠፋ እንግዳ እየሆነ ስለ ሄደ፣ አንድ ቤተ ሰብ የሚወደውን ዜማ በገዛ ጣሪያው ሥር አኑሮ፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በትንሽ ወጪ ሊያደምጠው እንደሚችልና እንደሚገባው ስለማምን ነው።

የነገሩ ሁሉ መሠረት ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አለመሆናቸው ነው። ዋይፋይ በቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት የሬዲዮ ሞገድ ሲሆን፣ ኢንተርኔት ግን ከግቢው በር ውጭ የሚጀምረው ጎዳና ነው፤ ስለዚህ ዘፈኑ ሳሎን ካለው ኮምፒዩተር ተነሥቶ ጋራዥ ወዳለው ድምፅ ማጉያ ሲሄድ ከፓኬጁ አንዲት ሜጋ ባይት እንኳ አይነካም፤ መስመሩ ለሳምንት ቢቋረጥም ራውተሩ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ዜማው አይቆምም። በአንጻሩ በመካከለኛ ጥራት፣ ይኸውም በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት፣ ከኢንተርኔት የሚወርድ ዘፈን በሰዓት ወደ 58 ሜጋ ባይት ይወስዳልና፣ በቀን 3 ሰዓት የሚያደምጥ ቤት በወር ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ለዜማ ብቻ ያወጣል፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ትናንት የሰማውን ዘፈን ዛሬ ደግሞ ለመስማት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዜማው የሚቀመጥበትና ዜማው የሚሰማበት ነው። የመጀመሪያውን እኔ ማኅደር እለዋለሁ፤ አባቶቻችን ዳዊታቸውን በቆዳ ማኅደር ከትተው በግድግዳ ላይ ሰቅለው እንዳኖሩት፣ ይህም ዜማችንን ከትቶ የሚያኖር ነውና። ማያው የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ለማኅደርነት ይበቃል። በላዩ የሚጫነው ሊሪዮን የሚባለው ፕሮግራም ያለ ክፍያ የሚገኝ ነው፤ ታሪኩም ለነገሬ ምስክር ይሆነኛል። ስሊም ዲቫይስስ የተባለ አነስተኛ የካሊፎርንያ ድርጅት ከ20 ዓመት በላይ አስቀድሞ ስኩዊዝቦክስ የሚባለውን የዜማ መቀበያ ሲሠራ፣ ዜማውን ለመቀበያው የሚያድለውን ፕሮግራም ምሥጢር አድርጎ ሳይሸሽግ ማንም እንዲያነበውና እንዲያርመው ገልጦ ሰጠ። ሎጂቴክ የተባለው ኩባንያ ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ገዛው፤ በ2012 ደግሞ ስኩዊዝቦክስን መሥራት አቆመ፤ በንግድ ሥርዓት ቢሆን ነገሩ በዚያ በተፈጸመ ነበር። ነገር ግን ፕሮግራሙ የተገለጠ ስለ ነበር፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ በጎ ፈቃደኞች ደመወዝ ሳይኖራቸው እያረሙና እያደሱ እስከ ዛሬ ጠበቁት፤ ሊሪዮን የሚለውን አዲስ ስም እ.ኤ.አ. በ2024 ያገኘውም በእነርሱ እጅ ነው። ስለዚህ ለቤቱ ማኅደር የሚመርጥ ሰው ከዋጋው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ሠሪው ነገ ቢተወው ሌላ ሰው ሊያነሣው ይችል እንደ ሆነ ነው።

ሁለተኛው፣ ይኸውም ዜማውን ከማኅደሩ የሚቀበለው መቀበያ፣ ራስበሪ ፓይ ቢሆን መልካም ነው። ይህ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ፣ ልጆች የኮምፒዩተርን ጥበብ እንዲማሩበት ታስቦ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበ የመዳፍ ስፋት ያለው ኮምፒዩተር ነው፤ ዜሮ ደብልዩ የሚባለው ታናሹ በ2017 ሲወጣ ዋጋው 10 ዶላር ነበር። ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚመልስ አንድ ትንሽ ሰሌዳ ይታከልለታል። ከውጭ የሚያመጣለት ዘመድ የሌለው ሰው ግን አይዘን፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለው አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ለጋራዥ የሚስማማው ማጉያ በ12 ቮልት የሚሠራው ነው፤ ምክንያቱም መብራት በሚጠፋበት ከተማ የመኪና ባትሪ ከማንኛውም ጄኔሬተር ይልቅ ጸጥተኛ ሎሌ ነው። እኔ ከምናለሽ ተራ ያገኘኋቸውን ሁለት የመኪና ስፒከሮች በጣውላ ሣጥን ውስጥ አኑሬ፣ ማጉያውን በቀጥታ ከባትሪው፣ መቀበያውን ደግሞ 12 ቮልቱን ወደ 5 በሚያወርደው የመኪና ቻርጀር አገናኘሁ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ሳያስገባ ሽቦ የሚዘረጋ ሰው ቤቱን ለእሳት እንደሚያጋልጥ ይወቅ፤ ባትሪውም በሚሞላበት ጊዜ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣልና የጋራዡ በር ይከፈት። ሁለቱ መሣሪያዎች ከአንድ ባትሪ ሲመገቡ ከዘፈኑ ሥር የንብ ቀፎ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማ ነበር፤ በመቀበያውና በማጉያው መካከል ድምፁን ብቻ አሳልፎ የኤሌክትሪኩን መመለሻ መንገድ የሚለይ ትንሽ ትራንስፎርመር ባገባሁ ጊዜ ጸጥ አለ። ከዚህ ይልቅ ያደከመኝ የላሜራው በር ነው፤ ብረት ሞገድን ስለሚመልስ ዘፈኑ እየተቆራረጠ ይመጣ ነበር። ራውተሩን በበሩ ፋንታ በብሎኬቱ ግድግዳ በኩል አዙሬ፣ ግድግዳን በተሻለ በሚያልፈው በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ባደረግሁት ጊዜ ተስተካከለ።

አንድ ጥፋቴንም ልናገር። መብራቱ በድንገት ሲጠፋ ባትሪ የማይዘው ላፕቶፕ አብሮ ጠፍቶ ዜማው የተቀመጠበት የማስታወሻ ካርድ ተበላሸና ከካሴቶቹ የገለበጥሁት የአንድ ሳምንት ቅጂ ጠፋብኝ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ዜማ በሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ብሉቱዝ ስፒከር መግዛት አይቀልም ወይ የሚለኝ ወዳጅ አለ። ብሉቱዝ ዜማውን ከአንድ ሰው ስልክ ጋር ያስረዋል፤ ስልኩ ሲጠራ ዘፈኑ ይቆማል፣ ባለ ስልኩ ሲወጣ ዘፈኑ ተከትሎት ይወጣል። ማኅደሩ ግን የቤቱ ነው፤ ልጆቼ ትምህርት ቤት፣ እኔም ሥራ ላይ ሳለሁ አባቴ ብቻውን ጋራዥ ተቀምጦ የፈለገውን መርጦ ይሰማል።

ወደ ካርቶኖቹ ልመለስ፤ የልቤ ነገር ያለው በእነርሱ ነውና። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በድፍረት የግል ድርጅቱን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴንና የማሕሙድ አሕመድን ሸክላዎች ካሳተመ በኋላ፣ ሸክላው በአብዮቱ ዘመን ቀርቶ ካሴት ሲተካው፣ አባቴ ከደመወዙ እየቀነሰ የሰበሰባቸው እነዚህ ናቸው። የካሴት ክር በላዩ የተቀባውን የብረት ዝገት ዱቄት ቀስ በቀስ ያራግፋል፤ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ጋራዥ ደግሞ ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ በእነዚህ ሣጥኖች ላይ የሚያልፈው እያንዳንዱ ክረምት ከዜማው ጥቂት ይወስዳል። የ60 ደቂቃ ካሴት በመደበኛ ፍጥነቱ ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይጠይቃል። በሲዲ ጥራት ሲቀዳ ወደ 635 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ከድምፁ ምንም ሳያጎድል በሚያጥፈው በፍላክ ሲቀመጥ በግምት እኩሌታውን ስለሚይዝ፣ ባለ 64 ጊጋ ባይት ካርድ ወደ 200 የሚጠጉ ካሴቶችን ይችላል፤ ከአባቴ ሁለት ካርቶን በላይ ማለት ነው። ይህ ግን ለገዛ ቤት ጆሮ ብቻ ይሁን፤ ገልብጦ መሸጥ የዘፋኙን እንጀራ መንጠቅ ነውና።

ክሩ ያልያዘው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስም ነው። አብዛኞቹ ሽፋኖች ጠፍተዋል፤ ያሉትም የዘፋኙን እንጂ የነፊውንና የመቺውን ስም አይናገሩም። የፍላክ ፋይሉ ለእያንዳንዱ ዜማ የግጥም ደራሲውን፣ የዜማ ደራሲውንና የሙዚቃ መሣሪያ ተጫዋቾቹን በገዛ ፊደላችን መጻፊያ ስፍራ አለው፤ የሚሞላው ግን በዘመኑ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው ሁለት ካሴት እንገለብጣለን፤ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፣ እኔ እጽፋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሳክስፎን ድምፅ ሲሰማ «ልጄ፣ ይህ የክቡር ዘበኛ ሰው ነው» አለኝ፤ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ጋሼ ግን ከደጅ ሰምተው ገቡና የፖሊስ ኦርኬስትራ ነው ብለው ተከራከሩት። ሦስት ጊዜ ደግመን ሰማነው። ሁለቱም ከቃላቸው አልተመለሱም፤ የነፊው ስም የሚጻፍበት መስመር እስካሁን ባዶ ነው፤ ጋሼ በሚመጣው ቅዳሜ በዚያ ዘመን መለከት ይነፉ የነበሩ አንድ ባልንጀራቸውን ይዘው ሊመጡ ቃል ገብተዋል።