የኢየሩሳሌም ተሳላሚ ስንቁ ምን ይሁን?



በዓለ ልደት ሲታሰብ ጉዞም አብሮ ይታሰባል። ሰብአ ሰገል ኮከብ እየመራቸው ከምሥራቅ መጥተዋል፤ እመቤታችንና ቅዱስ ዮሴፍም ከናዝሬት እስከ ቤተ ልሔም በመንገድ ደክመዋል። ዛሬም በበዓሉ ማዕድ ዙሪያ «መጪውን ትንሣኤ በኢየሩሳሌም የሚያከብረው ማን ይሆን?» የሚል ጨዋታ የሚነሣባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ለዓመታት ጥሪት ቋጥረው ይህን ዕድል ሲጠባበቁ የኖሩ እናቶችና አባቶች አሉና፣ ለጉዞው መዘጋጃው ጊዜ አሁን ነው።

ጉዞው ምን እንደሚጠይቅ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። የኢትዮጵያ ገዳም ዴር ሱልጣን የሚገኘው በጎልጎታ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ሲሆን፣ የአሮጌው ከተማ መንገዶች ጠባብና ባለ ድንጋይ ደረጃ ናቸው። በቀዳም ሥዑር ከየሀገሩ የሚጎርፈው ሕዝብ መተላለፊያ ያሳጣል። ተሳላሚው ለጥምቀት ወደ ዮርዳኖስ ሲወርድ ደግሞ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከተማ ተነሥቶ ከባሕር ጠለል በታች ወደ 400 ሜትር ገደማ ዝቅ ወዳለ ሞቃት ቆላ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰውነት በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት ስግደት በዛለበት ሰሞን ነው።

እኛን የሚያሳስበን ግን ከመንገዱ ይልቅ ሕመምን የመደበቅ ልማድ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው አረጋውያን «ከጉዞው ያስቀሩኛል» በሚል ስጋት ለጉዞ አዘጋጆችም ሆነ ለልጆቻቸው ሳይናገሩ ይነሣሉ። አንዳንዶቹም «ጾም ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» በማለት መድኃኒታቸውን ያቋርጣሉ። «እዚያው ብሞት ምን ከፋኝ?» የሚሉም አይጠፉም። ምኞቱን እናከብራለን፤ ሆኖም ሕመሙን ደብቆ በባዕድ ሀገር የሚወድቅ ሰው ጭንቁን የሚያወርሰው ለመንገድ ጓደኞቹና ለቤተሰቡ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ ልጆች የወላጆቻቸውን የጉዞ ልብስ ከማሰናዳታቸው አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው። የመድኃኒቱን ስምና መጠን የሚገልጽ የሐኪም ደብዳቤ ይያዝ። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው ከእጅ ሻንጣ አይለይ፤ በተለይ ኢንሱሊን ወደ አውሮፕላኑ ዕቃ መጫኛ ከገባ በቅዝቃዜ ሊበላሽ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ቢውል ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊያልበውና ራሱን ሊያስተው ስለሚችል ከረሜላ ወይም ስኳር ከኪሱ አይጥፋ። የጉዞ መድን ሲገባም ነባር ሕመምን መደበቅ በችግር ጊዜ ካሣ ሊያስከለክል ይችላል። በእስራኤል አምቡላንስ የሚጠራው በ101 ስልክ ቁጥር መሆኑን በወረቀት ጽፎ መያዝ ይጠቅማል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት ምክንያት በረራዎች መስተጓጎላቸው ስለሚታወስ፣ ከመነሣት በፊት የጸጥታውን ሁኔታ ማጣራትና ለተጨማሪ ቀናት የሚበቃ መድኃኒት መያዝ ከጥንቃቄው አንዱ ነው። በእግር መሄድንም ከወዲሁ መለማመድና በተለመደ ጫማ መጓዝ መልካም ነው።

የጾሙን ጉዳይ በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምትራራ እናት ናት። ሕመምተኛው ከሐኪሙ የሰማውን ለንስሓ አባቱ ነግሮ፣ ምክራቸውን ተቀብሎ ቢጓዝ ኅሊናውም ሰውነቱም ያርፋል።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀውን መንገደኛ ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን አክሞ እንዳሳደረው ወንጌል ይነግረናል። ይህን ታሪክ የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር። ተሳላሚዎቻችን የሚወርዱት በዚያው አቅጣጫ ነውና፣ ለሰውነት መጠንቀቅን ከእምነት ማነስ የሚቆጥር ቢኖር ይህን ያስብ።

ለመንፈሳዊ ጉዞ የተነሣችሁ ሁሉ ደርሳችሁ፣ ተሳልማችሁ፣ በጤና ወደ ቤታችሁ እንድትመለሱ እንመኛለን። መልካም በዓል!