ወንበሩን ተከፋፈሉት፣ ዴስኩስ?

የድሬ ልጅ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ ባንዲራ አይደለም። ላይክ እንደማይበዛበትም አውቃለሁ። ግን አቦ፣ እስከ መጨረሻው አንብበው።

40-40-20 የሚለውን ቁጥር ከእንቅልፍህ ብትቀሰቀስ ትደግመዋለህ። የከተማችን ሥልጣን በብሔር ኮታ ሲሸነሸን ተቆጥተናል፣ ጮኸናል። ልክ ነበርን፣ ዛሬም ልክ ነን። አሁን ግን ሌላ ቁጥር ልስጥህ፦ 3.3፣ 3.2፣ 5.4፣ 8.4። ከ2014 እስከ 2017 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ ነው፣ ከመቶ፣ በአገር ደረጃ። በ2015 ብቻ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም! ለዚህኛው ቁጥር ማን ሰልፍ ወጣ?

«ልጆቹ ሰነፍ ናቸው፣ ቲክቶክ በላቸው» የምትል አለህ። አቦ ተወና! 1,328 ግቢ ሙሉ ሰነፍ ብቻ ተሰበሰበ ነው የምትለኝ?

ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ መወሰዱንና ኩረጃው መመታቱን አልቃወምም። ለዓመታት በተሰረቀ ውጤት ራሳችንን ስንዋሽ ነበር፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ መጋረጃውን ገለጡት፣ እሰየው። ግን ትኩሳት መለካት ማከም አይደለም። ለክተህ፣ «39 ገብተሃል» ብለህ በሽተኛውን ከአልጋ ታወርደዋለህ? ሬሜዲያል የሚሉትም የ12 ዓመት ቀዳዳ በአጭር ጊዜ መጣፍ ነው፤ እሱም የሚደርሰው ለጥቂቱ።

ቀዳዳው የት እንደሚጀምር ልንገርህ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ለሁሉም ሳይዳረስ ትምህርቱ ቀደመ። ልጆች «ፒዲኤፍ አውርዱ» ተባሉ። ከዚራ ያለው የሀብታም ልጅ ታብሌቱ ላይ ይከፍተዋል፣ ማታ አስጠኚ ይመጣለታል። ገንደ ቆሬ ያለችው ልጅስ? እናቷ ታይዋን ገበያ ደጃፍ ሻይ ትሸጣለች እንበል። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ አንድ አሮጌ ኖኪያ ነው። ጠዋት እናቷን አግዛ፣ ምሳ በላች አልበላች ሳትለይ፣ በግንቦት ሐሩር ቆርቆሮ ሥር ትቀመጣለች። አስተማሪዋም ደመወዙ ከወሩ አጋማሽ አያልፍም፣ ሐሳቡ የቤት ኪራይ ላይ ነው። ከዚያ ሁለቱ ልጆች አንድ ወረቀት ይቀርብላቸውና «እኩል ተፈተኑ» ይባላል።

ይቺን ልጅ በአማርኛ ትማር፣ በኦሮምኛ ትማር፣ በሶማሊኛ ትማር፣ ለውጥ የለውም። በኮታው ስሟ የሚጠራላት ልጅም ዴስክ አልደረሳትም። ወንበሩን የተከፋፈሉት ትልልቆቹ ናቸው።

ይሄን የምልህ አገር ስለምወድ ነው። ድሬ በ1895 ሐዲዱ ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት፤ ከየአገሩ የመጣው የባቡር ሠራተኛ ልጅ አብሮ ያደገባት። ነሐሴ 2014 ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠና ተመረቀልን፣ አጨበጨብን። እዚያ ማን ይሠራበታል? የኛ ልጆች ጫኝና ጥበቃ ሆነው፣ ሒሳብ የሚችለው ከሌላ ቦታ መጥቶ?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት ይመድባል ይላል። ልመና አይደለም እንግዲህ፣ ግዴታ ነው። ስለዚህ ጠይቅ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከደመወዝ ውጪ ስንት ብር ደረሰው? የትኛው ስንት ልጅ አሳለፈ? በስም በስሙ ይለጠፍልን። አዲስ አበባ ከ2012 ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን ቁርስና ምሳ ታበላለች። የድሬ ገጠር ቀበሌ ልጅ ሆዱ ከምን ተሠራ? ምገባው አንድም ልጅ ሳይቀር፣ አንድም ቀን ሳይቋረጥ ይድረስ።

አንተም አታመልጥም። አንቺም። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ክረምት ድሬ ትመጫለሽ፣ ሁለት ወር ሙሉ በረንዳ ላይ። አንተ በርጫው ላይ አገር ስታድን ትውላለህ፣ የጎረቤትህ ልጅ ግን ክፍልፋይ መደመር አቅቶት 8ኛ ክፍል ደርሷል። ከሰዓቱን ስጠው።

እኛ ሰፈር ጀምረናል። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐዩ ሲበርድ። ልጆቹ መጥተዋል፣ ጠመኔም አለ። ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ግን አጥተናል፤ የምትችል ከታች ጻፍልን።